አልሸጣትም ይላል፤ እኔ ደግሞ ሐረጎን መውረድ ፈራሁ

ይድረስ ለእትዬ፣

እንዴት ሰነበቱ? ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። 38 ዓመቴ ነው። የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ቤታችን ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። የምጽፍልዎ ስለ መኪናችን ነው። ስለ መኪና ብቻ ግን አይመስለኝም።

የገዛናት በ2006 ዓ.ም. ነው። አምስት ሰው የምትይዝ፣ ከፍ ያለች የቤተሰብ መኪና ናት። ቤንዚን፣ አውቶማቲክ፣ በፈረንጅ የ2008 ሞዴል። ባለቤቴ የዕቁቡን ብር አወጣ፣ እኔ የሠርግ ወርቄን ሸጥኩ። ስንይዛት 90 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ነበረች፣ አሁን 280 ሺህ አልፋለች። በየሳምንቱ ሐይቅ እናቴ ጋ የምትወስደን እሷ ናት። ወልድያ ለቅሶ፣ ባቲ ሠርግ፣ አዲስ አበባ ሕክምና፣ ሁሉም በእሷ ነው። ትንሹን ልጄን ልወልድ በሌሊት ሐኪም ቤት ያደረሰችኝም እሷ ናት።

በ2014 ጥቅምት ከተማውን ለቀን ስንወጣ ዘጠኝ ሰው ጭናለች። እኛ አምስት፣ አማቴ፣ ጎረቤታችን እማማ ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር። ደብረ ብርሃን እስክንገባ አንዴም አልጠፋችብንም። ስንመለስ የባለቤቴ ሱቅ ባዶውን ጠበቀን። መደርደሪያው እንኳ አልነበረም። ከዚያ ሁሉ ልፋት የተረፈችው መኪናዋ ብቻ ናት። አሁን በሰው ሱቅ ተቀጥሮ ነው የሚሠራው።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ዘይት መብላት ጀመረች። ከኋላ ሁሌ የዘይት ጀሪካን አለ። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቀስ ብሎ ወጥቶ ይጨምርላታል። እኔ በመስኮት አየዋለሁ። መሪዋም ሲዞር ቋ ቋ ይላል። አንዱ መካኒክ "ሞተሩ ይውረድ" አለ። ሌላው "ዘይት እየጨመራችሁ ንዱ፣ ምንም አትሆንም" አለ። ከወንድሙ 80 ሺህ ብር ተበድሮ ጋራዥ እንዳስገባት የሰማሁት ከወንድሙ ሚስት ነው። እሱ አልነገረኝም።

ነሐሴ ላይ ልጆቹን ይዘን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ፍሬኑ ለሰለሰ። የሚያርር ነገር ሸተተን። ቀጥሎ ከፊት ጎማ ጭስ ወጣ። እንደምንም ዳር ይዞ አቆማት። ጎማው ላይ ውሃ ደፋ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆምን፣ "ምንም አይደለም" ብሎ ነዳት። እጁ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰባት ዓመቱ ልጄ መኪና ውስጥ በገባ ቁጥር "አባዬ፣ ይቆማል?" ይላል።

ጓደኞቹ ቡና ላይ "የእኔ 400 ሺህ ገብታለች፣ ይቺ መኪና አትሞትም" ይሉታል። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ያንኑ ዓይነት ገዝታ በሦስት ዓመት ሞተሯ ተቃጥሎባታል። ወንድሜ ከአዲስ አበባ እየደወለ "ዋጋ እያላት ሽጧትና ኤሌክትሪክ ግዙ" ይላል። ባለቤቴ "መሸጥ" የሚል ቃል ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል። ስለ መኪናዋ የተናገርኩት ሁሉ ስለ እሱ የተናገርኩ ይመስለዋል። ማንን ልመን? ሳላስከፋውስ እንዴት ልንገረው?

ስሜ ይቆይ፣ ከደሴ


እህቴ፣ አብሽሪ።

የመኪናዋን ስምና እናንተን የሚያሳውቅ ነገር ሁሉ ከደብዳቤሽ አውጥቻለሁ። ጓደኞቹ ሊያነቡት ይችላሉ፤ ባለቤትሽ አንገቱን የሚደፋበት ነገር ከእኔ ዓምድ እንዲወጣ አልፈልግም።

መልሴን ከፍሬኑ እጀምራለሁ፤ እሱ አያድርም። ሌላው ሁሉ ሳምንትም ወርም ሊጠብቅ ይችላል። ፍሬኑ በደንብ ሳይታይ ግን ልጆቹን ይዛችሁ ሐረጎን አትውረዱ። ለጊዜው በሚኒባስ ውረዱ።

ፍሬኑ ሃያ ደቂቃ ቆማችሁ ስለተመለሰ የዳነ መስሏችኋል። አልዳነም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። ያን ሁሉ ቁልቁለት አምስት ሰው የጫነ መኪና በፍሬን ብቻ ሲወርድ ጎማው ጋ ያለው የፍሬን ሸራና ዲስክ ይግላሉ። የፍሬን ዘይት ደግሞ በዓመታት ውስጥ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል። እርጥበት የጠጣ ዘይት ሲግል ቶሎ ይፈላል፣ አረፋ ይይዛል፣ ያኔ ፔዳሉ ለስልሶ ይወርዳል። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። በሚቀጥለው ቁልቁለት ደግሞ ያንኑ ይደግመዋል። ብዙ ሰው የሞተር ዘይት እየቆጠረ ይቀይራል፣ የፍሬን ዘይት መኖሩን ግን ይረሳል። በሁለት ዓመት አንዴ መቀየር አለበት። የእናንተ መቼ እንደተቀየረ ታውቂያለሽ? እሱስ ያውቃል?

ሌላም ልጠይቅሽ። ጭሱ ከአንዱ ጎማ ብቻ ነበር ወይስ ከሁለቱም? ከአንዱ ብቻ ከሆነ ሸራውን የሚጨብጠው ዕቃ ተጣብቆ አልለቅ ብሎ ይሆናል። ከሁለቱም ከሆነ ነገሩ ሙቀት ነው። ይህን ለመካኒኩ መንገር ብዙ ድካም ያተርፋል። የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ መድፋት ግን ይቅር፤ ብረቱን ያጣምመዋል፣ ሊሰነጥቀውም ይችላል። አውቶማቲክ ስለሆነች ደግሞ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ማርሹን ከዲ አውርዶ ሁለት ላይ ወይም ኤል ላይ ማድረግ ነው። ሞተሩ ራሱ ይይዛታል። ድምፁ ከፍ ይላል፣ ያ ችግር የለውም። ጥግ ጥጉን ቀስ ብለው የሚወርዱትን የጭነት መኪና ሹፌሮች ልብ ብለሽ አይተሻቸው እንደሆነ እንዲህ ነው የሚያደርጉት።

ይህን ለባለቤትሽ ስትነግሪው "መሸጥ" የሚለውን ቃል አታንሺ። "ልጁ ፈርቷል፣ እኔም ፈርቻለሁ፣ ፍሬኑን እናሳይ" በይው። በዚህ የሚጣላሽ አይመስለኝም። እጁ ሲንቀጠቀጥ አይተሻልና። እሱም የፈራ ሰው ነው።

አሁን ወደ ጓደኞቹና ወደ አክስትሽ ልጅ ልምጣ። "ማንን ልመን?" ብለሻል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፣ ግን የየራሳቸውን መኪና ነው የነገሩሽ። አንድ ነገር ልብ በይ። 400 ሺህ የገባችለት ሰው ቡና ላይ ቁጭ ብሎ ያወራል። በ200 ሺህ የሞተችበት ግን ሸጧት ሄዷል፣ ስለ መኪና ሲነሳ ዝም ይላል። ስለዚህ ቡና ላይ የምንሰማው ከተረፉት መኪኖች ነው። ደግሞ 400 ሺህ ሁሉ አንድ አይደለም። ከኮምቦልቻ በከሚሴ አድርጎ አዲስ አበባ በአስፋልት የሚመላለስ መኪና አለ። በየሳምንቱ የወረኢሉን አቧራ የሚውጥ አለ። ከሰኞ ገበያ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ቤት እያለ ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ የሚጠፋም አለ። ኪሎ ሜትራቸው አንድ ሆኖ ዕድሜያቸው ይለያያል።

ስለዚህ "የእኔ አትሞትም" የሚል ሰው ሲመጣ ባለቤትሽ እንዲህ ይጠይቀው። አንተ ራስህ ስንቱን ኪሎ ሜትር ነዳህ? በምን መንገድ? የሞተር ዘይት በስንት ኪሎ ሜትር ትቀይራለህ? ሞተር ወርዶ ያውቃል? የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑን) ዘይትስ ቀይረህ ታውቃለህ? ብዙ ጊዜ መልሱ ውስጥ "አትሞትም" ከማለት በፊት የወጣ ብዙ ብር አለ። ያን ብር አይቆጥሩትም። የአክስትሽን ልጅም ያንኑ ጠይቂያት። ሞተሩ ከመቃጠሉ በፊት ዘይቱ መቼ ታየ?

ስም ያለው መኪናም ቢሆን ድክመት አለው። እኛ አገር ከቶዮታ ራቭ ፎር በላይ የሚታመን የቤተሰብ መኪና ስንት አለ? ግን በፈረንጅ ከ2006 እስከ 2008 የወጣው ባለ 2.4 ሊትር ሞተሩ የፒስተን ቀለበቶቹ ዘይት እንደሚያሳልፉ የታወቀ ነው። ቶዮታ ራሱ አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሞተር ዋስትናውን አራዝሟል፤ በ2009 ሞዴል ላይም እዚያ በ2.5 ሊትር ሞተር ተክቶታል። በፈረንጅ 2012 ደግሞ ከ700 ሺህ በላይ መኪኖችን የኋላ ጎማ መያዣ ክንዳቸው እንዲታይ መልሶ ጠርቷል። ምክንያቱ ይገርማል። ጎማ ሲስተካከል ብሎኗ በደንብ ካልጠበቀች ትዝጋለች፣ ክንዱም ሊላቀቅ ይችላል። ኒሳንም በፈረንጅ ከ2003 እስከ 2010 ለወጡት፣ ሲቪቲ የሚባለው በቀበቶ የሚሠራ አውቶማቲክ ካምቢዮ ላላቸው ሞዴሎች አሜሪካ ውስጥ የካምቢዮውን ዋስትና ከ5 ወደ 10 ዓመት ማሳደግ ነበረበት። ያንቺ መኪና ከእነዚህ አንዷ ናት እያልኩ አይደለም። ዘይት የምትበላ መኪና የባለቤቷ ውርደት እንዳልሆነች እንድታውቂው ነው። አምራቹ ራሱ ያመነው ነገር ነው፤ ባለቤትሽ ደብቆ በሌሊት የሚጨምርበት ምክንያት የለም።

እኔም አንዴ ዘይት አስከፍሎኛል። ይህን ዓይነት መኪና 14 ዓመት ነድቻለሁ። ዘይት እንደምትቀንስ አውቅ ነበር፣ ግን ቀይ የዘይት መብራቱ ይነግረኛል ብዬ ተማምኜ ነበር። ከኩታበር ስመለስ ዳገት ላይ መብራቱ በራ። ዳር ልይዝ ሳስብ ሞተሩ ነክሶ ቀረ። ያ መብራት ዘይት አነሰ የሚል አይደለም። የዘይት ግፊት ጠፋ የሚል ነው። ሲበራ መቆም እንጂ ቤት መድረስ የለም። እስካሁን ስነዳ ያ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አለ። የዘይት መለኪያ ዘንጓን አውጥቶ ማየት አንድ ደቂቃ ነበር።

ስለዚህ ዘይቱን ግምት ላይ አትተዉት፣ ለኩት። አንድ ደብተር ግዙ። ጠዋት፣ ሜዳ ቦታ ላይ፣ ሞተር ሳይነሳ ዘንጓን አውጥቶ ጠርጎ መልሶ ማየት ነው። ኪሎ ሜትሩን፣ የጨመራችሁትን መጠንና ቀኑን ጻፉ። አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር እስኪሞላ እንዲህ አድርጉ። ደሴና ሐይቅ ደርሶ መልስ 60 ገደማ ነው፣ ከሌላው መንገዳችሁ ጋር ሁለት ወር ባይሞላ ነው። ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ለዚያ ዋስትና ባደረገው የዘይት ፍተሻ ገደቡ በ1,200 ማይል፣ ማለትም በ1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አንድ ሊትር ገደማ ነበር። ከዚያ በታች ከሆነ ዘይት እየጨመሩ በሰላም መንዳት ይቻላል። በሺህ ኪሎ ሜትር አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ መካኒክ ይየው።

ጭሱንም ተመልከቱ። ቁልቁለት ረጅም ወርዳችሁ እንደገና ነዳጅ ሲረገጥ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ካለ፣ ብዙ ጊዜ የቫልቭ ማሸጊያ ላስቲኮች ናቸው። ሐረጎ ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ከፍሬኑ በኋላ፣ እሱ ብቻውን ሲነዳ። ዳገት ሲወጣ ያለማቋረጥ የሚያጨስ ከሆነ ደግሞ ቀለበቶቹ ናቸው። የቫልቭ ላስቲክ ከቀለበት በጣም ይረክሳል። ከሁለቱም በፊት ግን አንዲት ትንሽ ዕቃ ትታይ። ከሞተሩ ውስጥ የሚወጣውን ትነት የምታስተነፍስ ቫልቭ አለች። እሷ ስትደፈን ሞተሩ ዘይት ይስባል። በጥቂት ብር የምትቀየር ናት፤ ሰው ግን እሷን ሳያይ ሞተር ያወርዳል። አንዱ "ይውረድ" ሌላው "ንዱ" ያሏችሁ መካኒኮች ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ አየር አምቀው የሚይዙበትን ግፊት) ለክተው ነበር? የአራቱንም ሲሊንደር ቁጥር በወረቀት ጽፈው ሰጧችሁ? ካልሰጧችሁ ሁለቱም የነገሯችሁ ግምታቸውን ነው። ለሚለካው ሰው የመለኪያውን ብቻ ክፈሉት፣ ጥገናውን ሌላ ቦታ እንደምታሠሩ አስቀድማችሁ ንገሩት። ማውረዱ ለእሱ ሥራ የማይሆንለት ሰው ቢወርድም ባይወርድም እውነቱን ይነግራችኋል። የመሪዋን ቋ ቋ እዚያው አሳዩ፤ ከመሪው ወደ ታች የሚወርደው ዘንግ መገጣጠሚያው ከላላ ቀላል ነው፣ የጎማው መያዣ ከሆነ ግን እንደ ፍሬኑ የማያድር ነገር ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር።

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወጥቶ ዘይት የሚጨምረው ባልሽ ከዓይኔ አልጠፋም። ሱቁ ሄዷል። ዕቃው፣ መደርደሪያው፣ ደንበኛው፣ "ባለ ሱቁ" የሚለው ስሙ ሄዷል። ነገ ጠዋት የሰው ሱቅ ሊከፍት ይሄዳል። ከበፊቱ ሰውዬ የቀረችው እሷ ናት፣ እሷም ዘይት ትበላለች። አንቺ "መኪናዋ አርጅታለች" ስትይ እሱ የሚሰማው ሌላ ነው። ለዚህ ነው ፊቱ የሚለወጠው።

ደብዳቤሽ ውስጥ "ዘጠኝ ሰው ጭናለች" ብለሻል። "አንዴም አልጠፋችብንም" ብለሻል። እውነት ነው። ግን እህቴ፣ ያን ቀን መሪውን የያዘው ማነው? በዚያ ሰው በሞላው መንገድ፣ ሕፃን እያለቀሰ፣ ጣርማ በርን በጨለማ ወይም በብርሃን አሻግሮ ደብረ ብርሃን ያስገባችሁ ማነው? ጎረቤታችሁን ከነልጅ ልጆቻቸው ጥዬ አልሄድም ያለው ማነው? ሁላችሁም መኪናዋን አመሰገናችሁ። እሱን ማን አመሰገነው? ይህን በአፍሽ ነግረሽው ታውቂያለሽ? ካወቅሽ ይቅርታ። ካልነገርሽው ግን ከዘይቱም ከብሩም በፊት ይህን ንገሪው። መኪናዋ ብትሸጥ ያ ቀን አብሮ እንደማይሸጥ ከአንቺ መስማት አለበት። እማማንም አንድ ቀን ቡና ጥሪያቸውና እሳቸውም ይንገሩት። ከሚስት የሚሰማና ከጎረቤት የሚሰማ ለየብቻ ነው።

ብድሩን በተመለከተ ቅር ብሎሻል፣ ልክ ነሽ። የሠርግ ወርቅሽ ያለባት መኪና ናት፣ አንቺ ሳታውቂ ዕዳ ሊገባባት አይገባም። ግን ያን በሌላ ቀን አንሺው። ፍሬኑ፣ ምስጋናው፣ ብድሩ በአንድ ምሽት ከመጡ የሚሰማው ብድሩን ብቻ ነው። ስታነሺው ደግሞ "ለምን ደበቅከኝ?" ብለሽ አትጀምሪ። "80 ሺውን ሰምቻለሁ፣ አብረን እንክፈለው፣ ከዚህ በኋላ ግን ለመኪናዋ የሚወጣ ብር ሁለታችንም ሳናውቀው አይውጣ" በይው። የነገረችሽን ሴት ስም አታንሺ። ደግሞ ራስሽን ጠይቂ፤ ብሩ ነው ያመመሽ ወይስ ብቻውን መሸከሙ? መልሱ የምትናገሪበትን ድምፅ ይለውጠዋል።

ልኬቱ ሲመጣ ደግሞ ውሳኔው ይቀላል። ኮምፕሬሽኑ ደህና ከሆነና የምትበላው ጥቂት ከሆነ ያዟት፣ ዘይት ጨምሩ፣ ሰርቪሷን አትዝለሉ። ሞተሩ ደክሞ አካሏና ካምቢዮዋ ደህና ከሆኑ ማሳደስም ያዋጣል። ሞተር ከመውረዱ በፊት ግን ዝርዝሩን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ከዚህ በላይ አናወጣም የምትሉትን ብር ሁለታችሁ ወስኑ። ሞተር ተፈትቶ ጋራዥ ወለል ላይ ከተዘረጋ በኋላ መከራከር ከባድ ነው፤ ይሄም ተበልቷል፣ ያም ይቀየር ይላሉ፣ አንቺም ትሰጫለሽ። ካምቢዮውም ሞተሩም አብረው ከደከሙ፣ ያኔ ስለ መሸጥ አውሩ። ብትሸጡም ዘይት እንደምትበላ ለገዢው ንገሩት። ወፍራም ዘይት ሞልቶ ጭሱን ደብቆ የሚሸጥ አለ። የሰው ሐቅ ነው፣ የሚገዛውም ልጆቹን ይዞ ነው ሐረጎን የሚወርደው።

ወንድምሽ "ዋጋ እያላት" ያለው እውነትነት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ለዚህ ነው ያለችው ቤንዚን መኪና ዋጋዋን የያዘችው። ግን ያው ምክንያት በሌላ በኩልም ይሠራል፤ አንዴ ከሸጣችኋት እሷን የመሰለች መልሶ ማግኘት ቀላል አይሆንም። ስለዚህ ዋጋው አያስቸኩላችሁ።

ኤሌክትሪኩን በአጭሩ ልበል። ለደሴና ኮምቦልቻ ምልልስ ጥሩ ነው፤ ሐረጎን ስትወርዱ ራሱ እየያዘ ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል፣ ስትወጡ ብዙ ይበላል። ቤንዚን ከ100 ብር ካለፈ የቆየ ስለሆነ ቁጠባው ይታያል። እናንተ ግን አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ፣ ወልድያ ለቅሶ ትደርሳላችሁ። ግቢያችሁ ውስጥ ማታ የምትሰኩበት የራሳችሁ ቆጣሪ አላችሁ? መብራት ሲጠፋ ስንት ቀን ትቆያላችሁ? ዕዳ ሳትገቡ ልትገዙ ትችላላችሁ? ለእነዚህ "አዎ" ካላችሁ አስቡበት። ወንድምሽ ስለደወለ ብቻ ግን አይሁን።

የዚህን ሳምንት ነገር ልንገርሽና ላብቃ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አፍይ። መጀመሪያ ያን ቀን አንሺለት፣ እጁን ይዘሽ። ቀጥሎ ስለ ፍሬኑ ንገሪው። ደብተሩን ለትልቋ ልጅሽ ስጫት፤ አባቷ ዘንጓን ያውጣ፣ እሷ ትጻፍ፣ በቀን ብርሃን። ከእንግዲህ በሌሊት ብቻውን አይውጣ።

ፍሬኑ ሲሠራ ደግሞ ትንሹን ልጅሽን ይውሰደው። መካኒኩ ጎማውን ሲፈታ አጠገቡ ይቁም። ያረጀውን ሸራ በእጁ ይያዘው፣ አዲሱንም ይያዘው፣ ውፍረታቸውን ያስተያይ። ከዚያ ሜዳ ላይ፣ ሰው በሌለበት፣ አባቱ ቀስ ብሎ ይንዳ፣ ልጁ "አሁን" ሲል ያቁማት። እስኪሰለቸው ድረስ ደጋግመው ያድርጉት። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ።